ባሌ ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

አምና መስከረም አልፎ ወባው በበረታበት ሰሞን የሆነ ነገር ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ባለቤቴ አድማሱ ባሕር ዳር የኮሌጅ መምህር ነው። የምንኖረው ዘንዘልማ፣ አጥሩ ገና ባላለቀ ቤት ውስጥ ነው። ትኩሳት ጀመረው፤ በሦስተኛው ቀን ራሱን ሳተ። ሆስፒታል ስናደርሰው ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል አሉን።

አምስት ቀን ዓይኑን አልገለጠም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ እኔንና የባሌን ታላቅ ወንድም ይርጋን በሩ አጠገብ አቆመንና፣ "እኛ የሚቻለንን ሁሉ አድርገናል። ከእንግዲህ ለእግዚአብሔር ነው" አለን።

ይህን ቃል የማያውቅ የለም። ሐኪም "ለእግዚአብሔር ነው" ካለ፣ ሰው የሚሰማው "አበቃለት" የሚለውን ነው። እኔም የሰማሁት እንደዚያው ነው፤ አልዋሽም።

ይርጋ፣ "አይዞሽ፤ ቤት ሂጂና ልብስሽን ቀይሪ። እኔ አጠገቡ አለሁ" አለኝ። ያን ጊዜ ጋሼ ነበር የምለው። አምኜው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን ቤት መሄዱን ትቼ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ዛፍ ሥር በግንባሬ ተደፍቼ፣ "ጌታዬ፣ የሰው አቅም አልቋል፤ ያንተ ግን አያልቅም" እያልሁ ለመንሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስነሣ ልቤ ትንሽ ቀሎት ነበር። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ሄድሁ።

በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበር ይደረደራል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔን ሲያዩ እሪታውን አቀለጡት።

እኔ ስጸልይ እሱ ሞቷል፤ እነሱ በስልክ ሰምተዋል ብዬ መሬት ላይ ተፈጠፈጥሁ። ደረቴን እየደቃሁ ጮህሁ። ጎረቤቴ እማማ ጥሩዬ አቅፈው አነሡኝና፣ "ልጄ፣ በስንት ሰዓት ነው ያረፈው?" አሉኝ።

ለቅሶዬ ቀጥ አለ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? የሰማችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?"

"ኧረ እኛስ ይርጋ ነው የነገረን።"

ይርጋን ፈለግሁት። የድንኳኑን ገመድ ካስማ ላይ ሲያስር አገኘሁት።

"ጋሼ፣ አድማሱ ሞቷል?"

"እስካሁንማ..." አለና አንገቱን ደፋ። "ሐኪሙ ያለውን ሰምተሽ የለም እንዴ? ኋላ እንዳንዋከብ ብዬ ነው እንጂ።"

"አጠገቡ ማን አለ?"

ገመዱን ማጥበቁን ቀጠለ። ማንም የለም ማለት ነው።

ካስማውን ነቅዬ ወረወርሁት። "ለእግዚአብሔር ነው ማለት ለመቃብር ነው ማለት ነው? እግዚአብሔር ቀባሪ ነው እንዴ?" ብዬ ጮህሁ። የእድሩ ዳኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቆባቸውን አውልቀው "አውርዱት፤ አፍረንበታል" አሉ። እስኪያወርዱት አልቆየሁም፤ በመጣሁበት ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ተመለስሁ።

ስደርስ አንዲት የማላውቃት ሴት የባሌን ጭንቅላት በክንዷ ደግፋ፣ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ከመሸንቲ መጥታ ጎን ያለው አልጋ ላይ የተኛችውን ልጇን የምታስታምም ሴት ናት።

"በጀርባው እንደተኛ አስመለሰውና ትን ሲለው አየሁ" አለችኝ። "ቶሎ ብዬ ወደ ጎኑ አዞርሁትና ነርሶቹን ጠራሁ። ምነው፣ ሰው የላችሁም?"

በአፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው አለን።

"ጠዋት ሐኪሙ ለእግዚአብሔር ነው ሲላችሁ ሰምቻለሁ" አለች ቀጥላ። "እሱ ከያዘውማ ይድናል ብዬ፣ ስትሄዱ ዓይኔን ከላዩ አላነሣሁም።"

አንድ ቃል ነበር የሰማነው፤ እሷም እኛም። በስምንተኛው ቀን አድማሱ ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ። አሁን ቆሞ ያስተምራል። ይርጋ ደግሞ በየማኅበሩ እየተነሣ፣ "እኔስ በወንድሜ ለአንድ አፍታ ተስፋ ቆርጬ አላውቅም" እያለ የእግዚአብሔርን ተአምር ይመሰክራል! እኔ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ።

ባሌ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው ይቅር ያለው። የንስሐ አባቴም "ይቅር በዪው" ይሉኛል። እኔ አልቻልሁም። ያን ቀን ከእነሱ ጋር አብሬ የጮህሁትን ራሴንም ይቅር አላልሁም። ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ስለዚህ ዘወትር እግዚአብሔርን የምለምነው ይኸንኑ ነው። እስኪሰጠኝ ግን ይርጋ በራችንን ሲያንኳኳ፣ አንኳኳኩን ስለማውቀው፣ ቶሎ ተነሥቼ አልከፍትለትም።