እናቲቱ የተቆረጠችበት ጥር

በቀለች አውቶቡስ ነጂ ናት። የምትኖረው ስዊድን ነው፤ ሄሰልቢ፣ አረንጓዴው የከተማ ባቡር የሚያበቃበት ሰፈር። ሃያ ዓመት ስትነዳ አንድ ቀን እንኳ ለሚሮጥ ሰው በር ከፍታ አታውቅም። ሰዓቱ ሞላ? ሄደች። ፊቷም እንደዚያው ነው፣ አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም። የምትሄድበት የአበሻ ቤተክርስቲያን ሴቶች ሲያሟት፣ "እህት በቀለች ስትዘምር እንኳ የምትቆጣ ነው የሚመስለው" ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም።

ታዲያ ይህቺ ሴት ሚያዝያ በገባ ቁጥር ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? የዓመት ዕረፍቷን ጠቅልላ ህንድ አገር ትሄዳለች። ነብር ፎቶ ልታነሳ! ነብር ስላችሁ የኛ አገሩ ባለነጠብጣብ እንዳይመስላችሁ፤ ባለሸንተረሩን፣ ታይገር የሚሉትን ነው። ሌላው ሰው ዕረፍቱን አዲስ አበባ ዘመድ ሲስም ይጨርሳል፤ እሷ መሀል ህንድ ጫካ ውስጥ፣ አርባ አራት ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ ክፍት ጂፕ ላይ ተቀምጣ ቁጥቋጦ ላይ ታፈጣለች። "እዚያ ወንድ አላት" ተብሎ ተወርቶም ነበር። ያለው ወንድ ጂፑን የሚነዳላት፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ነው። በቀን አሥር ቃል አይናገርም፤ ለዚህ ነው የተስማሙት።

ሰባት ዓመት የተከተለቻት አንዲት ሴት ነብር አለች። ስሟን እሜቴ አለቻት። መንገድ ስታቋርጥ ጂፖቹ ሁሉ ቆመው ያሳልፏታል፣ እሷ ዞር ብላም አታያቸውም። የነብር ሸንተረር እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ያንዱ ካንዱ አይገጥምም። በቀለች እሜቴን ግራ ጉንጯ ላይ ባለው ሹካ የመሰለ መስመር ከመቶ ሜትር ትለያታለች። ስንት ወለደች፣ የቱ ልጇ አድጎ ወዴት ሄደ፣ የቷ ሴት ልጅ የእናቷን ሰፈር ተካፈለች፣ ሁሉን በደብተር ይዛዋለች። የሰው ሐሜት ሲነሳ ጆሮዋን የምትይዝ ሴት፣ የነብር ቤት ጉዳይ ላይ ማንም አይደርስባትም።

ጣጣውን ያመጡት ጋሽ ተሾመ ናቸው። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌና የሥነ ጽሑፍ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ "ደህና ዋልሽ" ሲሉ እንኳ ጸሎት የሚዘጉ የሚመስሉ ሰው።

"እህ...ት በቀለ...ች" አሏት፣ ቃሉን እንደ ማስቲካ እየጎተቱ። "ጌታ የሰጠሽን ጸጋ ቀብረሽ ትይዣለሽ? ለዘመን መለወጫ የግድግዳ ካላንደር እናውጣበት እንጂ።"

እሷም ሦስት ሳምንት ተቀምጣ አሥራ ሦስት ፎቶ መረጠች። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ፣ የእሜቴን ኑሮ በቅደም ተከተል። ስትሰጣቸው አንድ ነገር ብቻ አለች፦ "ጋሼ፣ ሳይነካ።"

"እንዴ...ታ!"

የነሐሴ መጨረሻ እሁድ ሱንድቢበሪ፣ ለአምልኮ ከሚከራዩት አዳራሽ ስትደርስ ካላንደሩ ከበሩ ውጪ ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል። በቀለች ቆማ አንዱን አነሳች። መስከረም ደህና። ኅዳር ደህና። ጥር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ጥር ላይ አንድ ትልቅ ወንድ ነብር ኩሬ ውስጥ ተጋድሟል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። ከላይ ድንጋዩ ላይ ሦስት ደቦሎች ቁጢጥ ብለው ያዩታል። ከሥሩ በወርቅማ ፊደል "የተባረከ ቤተሰብ" ተብሎ ተጽፏል። እሷ ያነሳችው ፎቶ ላይ ግን በስተግራ እሜቴ ነበረች፤ ጆሮዋን አጥፋ፣ ጥርሷን አግጥጣ፣ ወንዱ ላይ ልትወረወር ያለች። አሁን የለችም። አንድ የፊት መዳፏ ብቻ ገጹ ዳር ቀርቷል፣ እሱም ድንጋይ ይመስላል።

"ማነው የቆረጣት?"

ካላንደሩን ያቀናበረችው የጋሽ ተሾመ ልጅ ፌበን ናት። እዚሁ ያደገች፣ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ በስዊድንኛ ነው። ወደ አባቷ ጠቆመችና "እኔ 'እውነት ትቆረጥ?' ብዬ ሁለቴ ጠይቄዋለሁ" አለች።

ጋሽ ተሾመ ሻይ ይዘው መጡ። "ምነው እህቴ? እናትየው እኮ ፊቷን አጥቁራለች። ሳሎን የሚሰቀል ነገር ነው። ሰው ጥር ሠላሳ ቀን ሙሉ ጥርስ እያየ ምሳ ይብላ?"

"ይሄ ወንድ ማን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አባትየው ነዋ!"

"አባት?" የበቀለች ድምፅ ጥግ ላይ ቆመው ሻይ የሚቀዱት ሴቶች ጋ ደረሰ። "የልጆቹ አባት ሞቷል! ይሄ ሰፈሩን ሊወርስ የመጣ ነው! ፎቶውን ባነሳሁ ማግስት ሁለቱን ፈጃቸው! እርስዎ ገዳዩን አጋድመው፣ እናቲቱን ቆርጠው ጥለው፣ የተባረከ ቤተሰብ ብለው ይጽፋሉ?"

ጋሽ ተሾመ ድምፃቸውን ዝቅ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ሰው ሲያጽናኑ እንደዚያ ናቸው። "እህቴ... ልብሽ ቆስሏል። የገመዳ ነገር ገና እንዳልወጣልሽ..."

ገመዳ ባሏ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ኦስሎ ለሥራ ብሎ ሄዶ የቀረ። ሻይ ቀጂዎቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ፣ መቼስ ይሄን ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

"ስለ ገመዳ ማን ጠየቀዎት!" አለች በቀለች። "ገመዳ ኦስሎ ቁጭ ብሎ ዓሣውን ይብላ! እኔ የማወራው ስለ ነብሯ ነው! ስለ ነብሯ! አንዲት ሴት ስለ ነብር መናደድ አትችልም እንዴ?"

ይሄን ብላ ወደ አዳራሹ ገባች። የምስክርነት ሰዓት ነበር፣ ጌታ ያደረገለትን የሚናገር እየወጣ ይናገራል። በቀለች በሃያ ዓመት አንድ ቀን ወጥታ አታውቅም። ስትወጣ ሕዝቡ እልል አለ፣ ኪቦርድ መቺውም ለስለስ ያለ ነገር ከሥሯ ጀመረ።

"አንዲት እናት ነበረች" አለች። "ሦስት ልጆች ነበሯት።"

"አሜን!"

"ባሏ ሞተ። ብቻዋን ቀረች። እያደነች አበላቻቸው።"

"ተመስገን!"

"አንድ ቀን እንግዳ ወንድ መጣ። ወደ ልጆቹ ቀረበ።"

"ሃሌሉያ!" አለ ፊት ወንበር ያለው ሁሉ፣ ትዳር የመጣላት መስሎት። ኪቦርዱም ከፍ አለ።

"ሃሌሉያ አትበሉ!" ማይኩ ጮኸ። "ሊገድላቸው ነው የመጣው! አንተ፣ ያንን ነገር አጥፋው!" ኪቦርድ መቺው እጁን አነሳ። "አርባ ደቂቃ ጥርሷን አግጥጣ አቆመችው፤ ክብደቱ የሷን እጥፍ ይሆናል። እኔ ዓይኔ እያየ። በማግስቱ ልታድን ሄዳ ስትመለስ ሁለቱን አጣቻቸው። ሽማግሌው ሾፌር ኮፍያውን አወለቀ። አንዷ ሴቷ ብቻ ድንጋይ ሥር ገብታ ተረፈች። ያ ወንድ ውጪ ካላንደር ላይ አባት ሆኖላችኋል። እናቲቱ ደግሞ ፊቷ አያምርም ተብላ ተቆርጣለች። ያንን ወረቀት ቤታችሁ የምትሰቅሉ ከሆነ እኔን ሰላም አትበሉኝ።"

ማይኩን አስቀምጣ ወረደች። አሜን ያለ የለም።

ውጪ ጋሽ ተሾመ ተከተሏት። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። "እሺ፣ እንስማማ። እናትየው ትመለስ። ግን በኮምፒውተር አፏን ቢዘጉላትስ? አሁን ሁሉ ነገር ይቻላል አሉ..."

"ፓፓ!" አለች ፌበን፣ ቀጥሎ ያለውንም በስዊድንኛ አወረደችው፤ ባጭሩ በቃህ ነው። ከዚያ ወደ በቀለች ዞረች፣ በተሰባበረ አማርኛ፦ "የተረፈችው... የቷ ናት?"

በቀለች ካላንደሩ ላይ የግራዋን ደቦል በጥፍሯ ነካች። ፊቷ አልተፈታም። "ይቺ። ዘንድሮ ራሷ ወልዳለች። ሁለት።"

"እሷም ጥርሷን ታሳያለች?"

"ጂፑን ራሱ ልትበላው ነበር።"

ፌበን በሳምንቱ የጥርን ገጽ ብቻ አሳትማ መጣች፣ ፎቶው ሙሉ፣ ከሥሩ ጽሑፍ የሌለበት። በቀለች አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ስቴፕለር ይዛ ተቀመጠች። ካላንደር የያዘ ሰው አዲሱን ጥር በድሮው ላይ ሳትሰፋለት ንቅንቅ አይልም። የወሰዱትንም ከቤታቸው አስመጥታለች፤ አንዷማ ከሁዲንጌ በሁለት ባቡር ይዛው መጣች፣ እያማረረች።

"ማር ቢያይ እንኳ የማይፈታ ፊት፣ ጥር ሙሉ ልሰቅለው ነው!" ትላለች አንዷ ተራ ይዛ።

"እንግዲያው አትስቀይ። ሳሎንሽ ያንቺ ነው" ትላለች በቀለች፣ ሌላውን እየሰፋች። "ገዳዩን ግን እናቲቱ በሌለችበት፣ በኔ ፎቶ አትሰቅይም። አምጪው።"

ቆይቶ የጋሽ ተሾመ ተራ ደረሰ። ካላንደራቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

"የኔን ብትተይው እህቴ። የልጅ ልጆቼ ይፈራሉ።"

"ይፍሩ።"

ሰፋችው። አንዴ አልበቃትም፣ አራቱንም ማዕዘን ጠቀጠቀችው፣ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ። ጋሽ ተሾመ ተቀብለው ገልጠው አዩት። እሜቴም አየቻቸው፤ ጆሮዋ ታጥፏል፣ አራቱ ክራንቻዎቿ ገጥጠዋል። ዘጉት።

"አሁን ደስ አለሽ?"

"አላለኝም" አለች። "ሁለቱ ሞተዋል።" አንገቷን አስግጋ ከሳቸው ኋላ ወደ ተሰለፉት አየች። "ቀጣይ!"