ሰኞ ሰኞ የሚሰቀለው ጥቅስ

እኛ ጥቅስ ካልለጠፍን ሥራ የሠራን አይመስለንም። ከባቢሌ ጅግጅጋ የሚመላለሰው ሚኒባስ እንኳ ሾፌሩ መንገዱን የሚያይበት ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ጥቅስ ተለጥፎበታል። ያስተማርኩበት ማሠልጠኛ ኃላፊ ግን ይህን ልማድ የአንድ ሙት አምባገነን ማወደሻ አደረገው።

ለውጡ በመጣ በዓመቱ ነው። ኃላፊያችን ፖርቹጋልን አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው የገዛውን ሰውዬ ከስልኩ ላይ አገኘው። ፕሮፌሰር ነበር፣ አይሰርቅም ነበር፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም ነበር እያለ በየስብሰባው ያነሳዋል። ስንቱ ሕዝብ ፊደል ሳይቆጥር እንደቀረ፣ ፖሊሱ ስንቱን እንዳሰቃየ ባነሳበት፣ የታሪክ አስተማሪ ጥሩ ነገር አይታየውም ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል።

በየሳምንቱ አንድ አባባሉን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔው ሆንኩ። ሰውዬውን ብጸየፈውም በአማርኛዬ እኮራለሁ፤ እስኪያምር ድረስ ሦስት አራት ጊዜ እጽፈዋለሁ። ከዚያ አሳትሜ፣ ላስቲክ አልብሼ፣ ለበር ጥበቃው እሰጣለሁ።

ጥበቃው የደገሀቡር ሰው ናቸው። ሁላችንም አዴር እንላቸዋለን፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። በለውጡ ሰሞን ከእስር ከተፈቱት አንዱ ናቸው። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ በምርመራ ላይ በጥፊ ብዛት ነው የደነቆረው። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ሰኞ የተሰጠኝ አባባል፣ በጊዜው የተሰነዘሩ ጥቂት ጥፊዎች የሰው ሕይወት ያድናሉ ዓይነት ነገር ነበር። ሰውዬው እስረኞች ይደበደባሉ ሲባል የመለሰው መልስ ነው። አሳምሬ ተረጎምኩት።

አዴር ወረቀቱን ተቀብለው፣ «ምን ይላል መምህር?» አሉኝ።

«ባለጉዳይን በትሕትና ተቀበሉ ይላል።»

ደስ አላቸው። በፎጣቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው፣ ከሌላው ጊዜ ከፍ አድርገው በሩ አጠገብ ሰቀሉት።

ሦስት ቀን ሙሉ ከመስኮቴ አየኋቸው። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወረቀቱን ያሳያሉ፤ ስለ እናንተ የተጻፈ ነው ይላሉ። ማንበብ የሚችለው አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል። ከጉናጋዶ ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ አንድ ከብት ነጋዴ አንብቦ ሳይገባ ተመለሰ። ሁለት ባልደረቦቼ ግድግዳ ተደግፈው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወርጄ ወረቀቱን መቅደድ እችል ነበር። ኃላፊውን ፈራሁ። ከእሱም ይልቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዴር ውሸቴን እንዳያውቁብኝ ፈራሁ። ይህን ያህል ወራዳ መሆን እንደምችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አላስችል ብሏት ወረቀቱን በሶማልኛ አነበበችላቸው። አዴር ቀጥታ ቢሮዬ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የዋሸሁት እያልኩ ለፈለፍኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሲመታኝ የነበረው ሰውዬም» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለአንተ ብዬ ነው ይለኝ ነበር።»

ወጥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ሰኞ ኃላፊው ሌላ አባባል ላከልኝ። እሱንም ተረጎምኩት።