የኮሚሽነር ኡኬን እግሮች

ፌና ልትፈታው የተነሣችው ችግር ሲናገሩት ያስቃል። እናቷ በኮቴዋ እንድታውቃት ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

እናቷ ጌሸ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ዓይኖቿ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት አያልፉም፤ ጆሮዋ ግን የሚገርም ነው። በሰሜን ባሕር አቅራቢያ ሌር በተባለች ከተማ ካለው የአረጋውያን መኖሪያ አልጋዋ ላይ ሆና በኮሪደሩ ማን እንዳለፈ ትናገራለች፦ ነርሷ፣ ሾርባ የሚያመጣው ሰውዬ፣ ጎረቤቷ ባልቴት ከነምርኩዟ። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ፌና በሩን ስትከፍት ጌሸ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሞይን፣ ኮሚሽነር» አለች በዚያ አገር ሰላምታ። «ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«ውይ፣ አንቺ ነሽ? እስክትናገሪ ድረስ እሱ ነበር። ከአሳንሰሩ ጀምሮ ግራ እግሩን እየጎተተ መጣ። ልጄን የት አደረስካት ብዬ ልጠይቀው ስል ነው አፍሽን የከፈትሽው።»

ጌሸ ሳቀች። ፌና ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዎቿን ዝቅ ብላ አየቻቸው።

ይህ እንዲገባን ከኮሚሽነር ኡኬን መጀመር ያስፈልጋል። ኡኬን የሬዲዮ ድራማ ፖሊስ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ይደመጣል። የተመደበው በሰሜን ባሕር ጠረፍ፣ ከሰው ይልቅ በግ የሚበዛበት መንደር ውስጥ ነው። በግ ይፈራል። ጀልባ ላይ ሲወጣ ያቅለሸልሸዋል። ሬሳ ማየት አይወድም፤ በሕይወት ያለውንም ሰው ቢሆን ብዙም አይወድም። ታዲያ ወንጀለኛ የሚይዘው ለፍትሕ ተቆርቁሮ እንዳይመስላችሁ። ጉዳዩ ካላለቀ ሰዎች በሩን ማንኳኳታቸውን አይተዉም፤ እነሱ ካልተዉት ደግሞ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ቢያጉረመርምም ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ገዳይ አምልጦት አያውቅም።

ድምፁን የሚሰጠው ሂንደርክ የተባለ አንጋፋ ተዋናይ ነው። ሂንደርክ ግን ማይክሮፎኑ ፊት ወንበር ላይ ተደላድሎ ነው የሚያነበው። ታዲያ የሚራመደው ማን ነው? ፌና ናት። እሷ ድምፅ ሠሪ ናት፤ በር የምትዘጋው፣ ዝናብ የምታዘንበው፣ በስታርች የተሞላ ከረጢት እየጨመቀች በረዶ ላይ የምታስኬደን እሷ ናት።

የኡኬንን አካሄድ እንዴት እንዳገኘችው ደግሞ ስሙኝ፤ ከዚህ የተሻለ የሙያ ታሪክ አላውቅም። የመጀመሪያው ክፍል ጽሑፍ «ኡኬን ገባ» ብቻ ይላል። ፌና ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በሁለቱ ቃላት ላይ ሦስት ቀን አሰበች። ከሻዩ ተጠርቶ የተነሣ ሰው እንዴት ይሄዳል? አርባ ስድስት ቁጥር የወንድ ጫማ አገኘች፤ እንዳይወልቅባት ሦስት የሱፍ ካልሲ ደራርባ አጠለቀችው። ከዚያ ገባት። የሰውየው ቀኝ እግር ትእዛዝ ያከብራል፤ ግራው ቤት መቅረት ይፈልጋል። ስለዚህ ቀኙ በተረከዙ ደብ ይላል፤ ግራው ዘግይቶ ሽርርር እያለ ይከተለዋል። ደብ፣ ሽርርር። ደብ፣ ሽርርር። ሂንደርክ ይህን በሰማ ጊዜ ያዘጋጀውን ድምፅ ጥሎ፣ ለእነዚያ እግሮች የሚስማማ ሌላ ወፍራም ድምፅ አወጣ። እግሩ ቀደመ፤ ሰውየው ኋላ መጣ።

ብሬመን ያለው የድምፅ ክፍሏ መስኮት የለውም። ወለሉ ላይ ሰባት ሰፋፊ የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል፦ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ሸክላ፣ ሣንቃ፣ ሌላም። የድምፅ ሠሪ ጉዞ ደግሞ ወደ ፊት አይሄድም። ማይክሮፎኑ ስለማይንቀሳቀስ ባለችበት ቆማ ነው የምትረግጠው። ኡኬን ስንት ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ተጉዟል! ፌና ግን ሃያ ስድስት ዓመት ስትራመድ ከአንዲት ሣጥን ጠርዝ አላለፈችም።

አሁን ስለ ማንኪያው ልንገራችሁ። በዚያ አገር ሻይ ሲጠጣ፣ ከሲኒው ሥር ድንጋይ ስኳር ይቀመጣል፣ ከላይ ስልባቦት ጠብ ይላል፤ እንግዳው ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ እስኪያስቀምጥ ድረስ አስተናጋጁ መቅዳቱን አያቆምም። ማንኪያው ከገባ በቃኝ ማለት ነው። ካልገባ ይቀዳል፣ የተቀዳውም ይጠጣል። የኡኬን የምርመራ ስልት ይኸው ነው፤ ተጠርጣሪውን ሻይ ይጋብዘዋል፣ ማንኪያውን ይደብቅበታል። ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ ሲኒ! ተጠርጣሪው እግሩን አጣምሮ፣ አልቦት፣ በመጨረሻ «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ መጸዳጃው በየት ነው?» ይላል። ያን ጊዜ ኡኬን የራሱን ማንኪያ ቀስ አድርጎ ሲኒው ውስጥ ያሳርፋል። ክልንግ። ጉዳዩ ተዘጋ፣ ድራማው አለቀ። ያችን ክልንግ የምታሰማውም ፌና ናት።

እናቷ ኮሚሽነር ብላ የጠራቻት ዕለት ማግስት ፌና ትንሽ መቅረጫ ኪሷ ከትታ ወደ ዳቦ ቤት ሄደች። ስትመለስ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ደብ፣ ሽርርር። ኡኬን ዳቦ ሊገዛ እየሄደ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ሁሉ በሥርዓት ነው። አዲስ ጫማ ሞከረች። ለግራ ጫማዋ የውስጥ ሶል አሠራች። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጉልበቷን አስመረመረች፤ ሐኪሙም ጉልበቱ እንዳልተጎዳ፣ ሰውነቷ ግን ሌላ አካሄድ እንደ ተማረ ነገራት። መውጫው አንድ ብቻ ሆኖ ታያት። የድራማው ዳይሬክተር ኦኖ ቢሮ ገባች።

«ኦኖ፣ በቃኝ። ይህን ዓመት ጨርሼ መሄዴ ነው።»

«መጀመሪያ ሻይ» አለና ቀዳላት። «ባለፈው ጊዜ የሆነውን ረሳሽው? አንቺ ዕረፍት ላይ እያለሽ ከኮምፒውተር እርምጃ አስገባን። ሦስት መቶ ደብዳቤ መጣ! ኡኬን ታሟል ወይ፣ ተቀይሯል ወይ። አንዲት ሴትዮማ የእግር ቅባት ላከችለት።»

«እሱ የእኔ ጥፋት ነው?»

«ያንቺ እግር ነዋ! አንድ ዓመት ብቻ። ለሂንደርክ ስትዪ።» ደግሞ ቀዳላት። ፌና ማንኪያዋን ፈለገች፤ ኦኖ የራሷን ማንኪያ ይዞ በሐሳብ ያገላብጠው ነበር።

እናቷ ልታግዛት ትችል ነበር፤ አላገዘቻትም።

«ልተወው ነው እማዬ» ብላ ነገረቻት።

«ምኑን? ኡኬንን?» ጌሸ ከትራሷ ቀና አለች። «ትተሽው ማንን ልስማ? ወሩን የምቆጥረው በእሱ አይደል?»

«በኮቴዬ አላወቅሽኝም እኮ! ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

«አላወቅኩሽም። እሱም ያናድደኛል። ግን እሱንም አትውሰጂብኝ።»

እንግዲህ ፌና በሁለቱ መካከል ተያዘች። ብትሄድ እናቷ የምትጠብቀውን ታጣለች፤ ብትቆይ ልጇን ታጣለች።

በዚያ ዓመት መኸር ኦኖ ድራማው በአንድ መንደር አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ በቀጥታ እንዲተላለፍ አዘጋጀ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሦስት መቶ ሰው ታጭቆ ገባ። ሂንደርክ ወንበሩ ላይ፣ ፌና ከነሣጥኖቿ ከጎኑ። ጽሑፉ አርባ ስምንት ገጽ ነበር። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ተጠርጣሪዋ፣ አንዲት የዓሣ ነጋዴ፣ ገና አራተኛ ሲኒዋን ይዛለች፤ ምንም አላመነችም። ፌና ግራ ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል። ከሰዎቹ ራስ በላይ አሻግራ የመውጫውን በር አየች። ምን እንዳሰበች እስካሁን አታውቅም። እጇ ማንኪያውን አንሥቶ ሲኒው ውስጥ ጣለው።

ክልንግ።

ከኋላ ረድፍ አንድ ወንበር ሲጥ አለ። ሌላም። ሰዎች ካፖርታቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰሙት ነገር ነው፤ ማንኪያ ከተቀመጠ ይነሣሉ።

«ቆይ፣ ታዲያ ገዳዩ ማን ሆነ?» አለ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብሎ።

«ተነስ አንተ! ማንኪያው ሲቀመጥ አልሰማህም? በመኪና ውስጥ እነግርሃለሁ» አለችው ሚስቱ።

«አንቺስ በምን አወቅሽ?»

ይህ ሁሉ በቀጥታ ይተላለፋል። ኦኖ ራሱን ይዟል። ያን ጊዜ ሂንደርክ ከተቀመጠበት ሳይነሣ በኡኬን ድምፅ አንባረቀ፦

«ቁጭ በሉ! ያ የኔ ማንኪያ አልነበረም! ማንም ከዚህ አይወጣም። እኔ ራሴ መውጣት አምሮኝ ሃያ ስድስት ዓመት ቁጭ ብዬ የለም እንዴ!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ካፖርቶች እንደገና ወለቁ። ፌና አዲስ ሲኒ አቀረበች፣ አሥራ ሰባት ገጽ ቀርቷታልና ረገጠች፤ ደብ፣ ሽርርር።

ሲያልቅ ኦኖ እየሮጠ መጥቶ አቀፋት።

«ድንቅ ነው! እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አሰብሽው?»

«አላሰብኩትም። ስሕተት ነው፣ ኦኖ።»

«ይሁን! ስሕተቱን ጽሑፉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አሥራ አንድ አዳራሽ ጠርተውናል። በእያንዳንዱ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ትጥዪዋለሽ፣ እንደዛሬው ሳታስቢው።»

ማግስቱን እናቷ ዘንድ ስትሄድ ተስፋ ቆርጣ ነበር። እግሯን አልተቆጣጠረችውም፣ እየጎተተች ገባች። ጌሸ ግን ኮሚሽነር አላለቻትም።

«ማንኪያውን የጣልሽው አንቺ ነሽ» አለች።

«ሰማሽኝ?»

«ኡኬን ማንኪያ እንዴት እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። ቀስ ብሎ፣ እየተኩራራ። የትናንቱ ግን ችኩል ነበር። ትዝ ይልሻል አክስትሽ ቤት? የመጀመሪያው ሲኒ ሳያልቅ ማንኪያሽን ወርውረሽ በጓሮ በር ትሮጪ ነበር፣ አክስትሽ ደግሞ ባለጌ ትልሻለች። ትናንት እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ፣ ይቺማ የኔ ናት አልኩ። ነርሷን ጠርቼ ነገርኳት።»

ፌና መቅረጫዋን ሳይሆን ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ለካ ስትለፋ የከረመችው በተሳሳተ በኩል ነው! የኡኬንን ግራ እግር ልታርም ትታገል ነበር፤ የጠፋው ግን ሌላ ነገር ነው፣ የራሷ ጥድፊያ። የኡኬን አካሄድ የማይቸኩል ሰው አካሄድ ነው። የእሷ ደግሞ ወደ በር የሚሮጥ ነበር።

የሬዲዮ ጣቢያው ማኅደር ውስጥ አንድ ነገር ፈልጋ አገኘች። በስድስተኛው ክፍል ላይ አንዲት ፖስተኛ መጥታ ትሄዳለች፤ ፌና ያን ቀን በራሷ ጫማ ነበር የረገጠችላት። አሥራ አራት ሴኮንድ ነው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ፈጣን፣ ቀለል ያለ፣ ሁለቱም እግሮች መሄድ የሚፈልጉ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር መስኮት በሌለው ክፍል ሣንቃው ላይ ትወጣና ያንን ታስመስላለች። የሌላውን ሁሉ አካሄድ ስትሠራ የኖረች ሴት የራሷን ትለማመዳለች፣ ከዚያ ሂንደርክ ይመጣና የአርባ ስድስት ቁጥሩን ጫማ ታጠልቃለች።

ከአሳንሰሩ እስከ እናቷ በር አርባ ሦስት እርምጃ ነው። በየእሑዱ ጌሸ በሯን አስከፍታ፣ አንገቷን አቅንታ ትቆጥራለች።

«ዘጠኝ» አለች ባለፈው እሑድ። «እስከ ዘጠኝ አንቺ ነበርሽ። አሥረኛው ላይ እሱ ገባ።»

«ያለፈው ሳምንትስ?»

«ስድስት። አሁን ተመለሽ፣ እንደገና ነዪ። እስከዚያ ሻዩን አልቀዳውም።»

ፌና ወደ አሳንሰሩ ተመለሰች። ሾርባ የሚያመጣው ሰውዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋት። ፊቷን ወደ ክፍት በሩ አዞረች፣ አክስቷ ጓሮ እንዳለች ሆና በአፍንጫዋ አየር ሳበች፣ በግራ እግሯም ጀመረች።

«አንድ» አለ የእናቷ ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ። «ሁለት። ሦስት።»