ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ግን «ዳይሬክተሩ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣለት ሆዱ ነው። ሆዱ ቀድሞ በበሩ ይገባል፣ እሱ ክራቫቱን እያስተካከለ ከኋላ ይከተላል። በሙቀትም በብርድም ሰደርያ ይለብሳል፤ የማያውቀው ሰው «ይህ ሰውዬ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አለው» እንዲል ነው ምኞቱ። ያለው መሥሪያ ቤት ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወትና እናቴ ናት።

እናቴ ታናሽ እህቱ ናት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በመርፌ የሚሠራውን ሁሉ እሷ ትሠራለታለች። ትዘመዝማለች፣ የቁልፍ ቤት ትሰፋለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ያወራል። ይበልጡን ያወራል። እኔ ከትምህርት ስመለስ ልብስ እተኩስላቸዋለሁ፤ ስለዚህ ወሬው ሁሉ ከካውያው እንፋሎት ጋር ፊቴ ላይ ነው።

አጎቴ ራሱን ለመሸወድ የሚደክመውን ያህል ለሥራው ቢደክም ኖሮ ዛሬ እውነተኛ ዳይሬክተር በሆነ ነበር። የራሱን ሱሪ ሲሰፋ ወገቡ ዙሪያ፣ ከገበሩ ስር፣ ሰፊ ላስቲክ ይቀብርበታል። ከውጭ አይታይም። ሆዱ በገፋ ቁጥር ላስቲኩ ድምፅ ሳያሰማ ይለጠጥለታል። ከዚያ ደንበኛ ፊት ቆሞ ወገቡን መታ መታ እያደረገ፣ «ይኸውልህ፣ ስንት ዘመን የለበስኩት ሱሪ ነው፤ ዛሬም ልኬ ነው!» ይላል።

ሻይ ሲጠጣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ስኳር ይሞላበታል። ምግቡ ላይ ሳይቀምስ ጨው ይነሰንሳል። ከሱቁ እስከ ቤቱ ያለችውን፣ ልጆች ኳስ እየገፉ የሚያልፏትን መንገድ በታክሲ ይሄዳታል፤ «ትልቅ ሰው በእግሩ ሲሄድ ይናቃል» ባይ ነው። እኔ በታክሲም ሲሄድ እንቀው ነበር፤ አልነግረውም እንጂ።

ከሁሉ የተካነው ግን ለቤተሰባችን ሟቾች ምክንያት በመስፋት ነው። አያቴ፣ የእነሱ አባት፣ የእግሩ ጣት ተቆርጦ ነበር፤ በአጎቴ ስፌት ጥፋቱ የጠባብ ጫማ ሆነ። በኋላ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ አፉ ተጣሞ ሞተ፤ እሱ ደግሞ ብርድ መታው ተባለ። አንዲት አክስታቸው ዓይኗ ጠፋ፤ ለባሏ አብዝታ ስላለቀሰች ነው አለ። እያንዳንዱ ምክንያት በሟቹ ልክ የተቆረጠ ነበር። ሦስቱን አንድ ላይ ሰቅሎ፣ «እነዚህ የአንድ ጨርቅ ቁራጮች አይደሉም እንዴ?» ያለ ሰው ግን በቤታችን አልነበረም።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው ስስ ጣውላ ስለሆነ አንዱ ሲያነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ የስኳር በሽታ እንዳለበት የተነገረው ዕለት ራሱ መጥቶ አጫወተን። ከዚያ ቀን ወዲህ አጎቴ ስሙን «ስኳሩ» አለው።

«ስኳሩ! ና እስኪ ጣትህን ሻዬ ውስጥ ንከርልኝ!» ብሎ በጣውላው ይጮኽበታል። ሰውየው ይስቃል። ክኒኑን ይውጣል፣ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይሄዳል። አጎቴ ሲሄድ ካየው፣ «ምን ሰርቆ ነው የሚሮጠው?» እያለ ደንበኛ ያስቅበታል።

የእናቴ ዓይን መድከም የጀመረው በዚህ መሀል ነው። መጀመሪያ መርፌዋን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ትወጣ ነበር። ቀጥሎ በሩ ጋ ሆናም ክሩ ከመርፌው ጎን ጎን ያልፍ ጀመር። ውሃዋ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ማሰሮ የሚያህል ጆግ አጠገቧ አስቀምጣ ትጠጣለች፣ ትነሳለች፣ ተመልሳ ትጠጣለች። ቀድሞም ቀጭን ናት፤ አሁን ቀሚሷ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ መሰለ።

«አምጪው ባክሽ!» ይላል አጎቴ፣ መርፌውን ነጥቆ ክሩን እያስገባ። «አሮጊት! ይኸው፣ በአንዴ! ዓይን ማለት ይሄ ነው።»

እሷ ትስቃለች። «አንተማ የጋሼነትህን» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጋወን ልታስለካ መጣች። አጎቴ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ዘርግቶ ሳለ የእሷ ዓይን እናቴ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ውሃው ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሙቀቱ ነው፣ ልጄ።»

«ዓይንዎስ?»

«እሱ እርጅና ነው» አለ አጎቴ፣ ለእህቱ ዓይን ጠበቃ ሆኖ።

«ስኳር ተለክተው ያውቃሉ?»

አጎቴ በሳቅ ሜትሩን ጣለው። «ስኳር? ይቺን እያት እስኪ! ክር እኮ ነች! ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው።»

«ቀጭንም ይይዛል። እኛ ዘንድ ሳይወፍሩ የሚይዛቸው ጥቂት አይደሉም። በተለይ በቤተሰብ ካለ...»

«በእኛ ዘር የለም!»

በጣውላው ወዲያ መቀሱ ቆመ። «ዳይሬክተር!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «የወፍራም ከሆነ ታዲያ አንተስ?»

«እኔማ ጤና ነኝ! ስኳር የያዘው ሰው ይከሳል፤ አንተ መስታወት የለህም እንዴ?»

እንግዲህ በአንድ ትንፋሽ፣ እህቱ ስለከሳች አልታመመችም፣ እሱ ስለወፈረ አልታመመም። ሁለቱንም በሙሉ ልብ ነው የተናገረው። ነርሷ ጋወኗን ትታ ወደ እናቴ ዞረች።

«እትዬ፣ ልመናዬ ነው። ስኳር ከሆነና ዝም ከተባለ ዓይንዎን ይወስደዋል። ጣትዎን ወጋ ማድረግ ብቻ ነው፤ ነገ ይምጡ።»

እናቴ ወንድሟን አየችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ «በይ ልብስሽን ልበሺና እንሂድ» ብላት፣ «ስኳር በዘራችን ቢኖር ጋሼ ያጣዋል እንዴ? በኩሩ እሱ፣ አባባን ያስታመመው እሱ» አለችኝ። እሱንም ለመንኩት። «አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» አለኝ፤ አፉ ውስጥ ከረሜላ ነበረ።

ወራት አለፉ። አንድ ሆቴል የአስተናጋጆቹን ነጭ ሸሚዞች አዘዘ። ርክክቡ ከሰዓት በኋላ ስለነበረ እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ቁልፍ ትተክላለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። አጎቴ «ጉዳይ አለኝ» ብሎ ወጥቷል፤ ጉዳዩ ያለው ኬክ ቤት ነው። የመጨረሻው ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ስትደርስ ቁልፍ አለቀባት።

ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከካውያ ጨርቆቹ ጀርባ፣ አጎቴ ማንም እንዳይነካት የሚያስጠነቅቃት ትንሽ የብስኩት ቆርቆሮ አለች። «የውጭ ቁልፍ ነው ያለባት፤ ለታላላቅ ደንበኞች» ይላል። እናቴ ሰዓቱ ሲገፋባት ወንበር ላይ ወጣችና አወረደቻት፣ እጇን ከትታ አንድ ነጭ ነገር አወጣች፣ ኮሌታው ላይ አስቀመጠችው፣ በመርፌዋ ጫፍ ቀዳዳውን ትፈልግ ጀመር።

ወዲህ ወጋችው። ወዲያ ወጋችው። ገለበጠችው።

«ይሄ ቁልፍ ቀዳዳው የት ሄደ? ነይ እስኪ እይልኝ፣ እናቴ።»

ካውያውን አቁሜ ሄድኩ። መርፌዋ ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። መዳፏ ላይ ያለው ክኒን ነው።

ወዲያው አልነገርኳትም። አፍንጫዋ ስር ይዛው፣ በጣቷ እየዳበሰችው፣ አሁንም ቀዳዳውን ትፈልጋለች። በቀን ብርሃን፣ ዕድሜ ልኳን ስትተክለው ከኖረችው ነገር ክኒን መለየት አቅቷታል።

ክኒኑን ይዤ ጎረቤት ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዩ አገላብጦ አየው፣ ከኪሱ የራሱን አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ምንም ልዩነት የላቸውም፤ መንታ ናቸው።

«የስኳር ነው» አለ። «ከየት አመጣሽው?»

ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «ይሄን ሁሉ ዘመን» አለና መቀሱን አስቀመጠ።

አጎቴ ሲመለስ ጢሙ ላይ ክሬም ነበረበት። እናቴ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ነግሬያታለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

አየው። ቆርቆሮዋን አየ። እኔን አየ።

«ቁልፍ ነው» አለ።

«ቁልፍ?»

«የውጭ ቁልፍ። ገና አልተበሳም፤ እነሱ እንዲህ አድርገው ነው የሚልኩት።»

እናቴ መርፌዋን አነሳችና ከክሩ ጋር ሰጠችው። ሸሚዙንም ሰጠችው። «እንግዲያው ትከለው። ሰዎቹ እየመጡ ነው።»

ይቀበላታል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ግን ተቀበላት። ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ክኒኑን ኮሌታው ላይ አድርጎ፣ መርፌውን ቀሰረ። ወጋው። ክኒኑ ለሁለት ተሰብሮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«አንቺ እዚህ ሥራ ከመግባትሽ በፊት።»

«ነርሷ ስትለምነኝ ታውቅ ነበር?»

ጎንበስ ብሎ የክኒኑን ስባሪ ከወለሉ ለቀመ።

«አባባስ? እግሩ?»

«ስኳር ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ የልጆቹንም ደም አስመርምሩ ብሎኛል።»

«ለምን፣ ጋሼ? ለምን?»

በአገጩ ወደ ጣውላው አመለከተ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስኳሩ እንዳልባል ነዋ።»

ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩለት፤ ስንት ዓመት ያሳደገኝ አጎቴ ነውና ልራራለት ፈለግኩ። የለውም። የእህቱን ዓይን ራሱ ባወጣው የስድብ ስም ለውጦታል። ጭራሽ ቀለል ሲለው በኩራት ያስረዳን ጀመር። ማንም ወደማያውቀው ሩቅ ሰፈር ሄዶ ነው የሚታከመው፤ ክኒኑን የሚውጠው ደግሞ ቀጠሮው ሲቃረብ ብቻ ነው፣ ፈተና ሲደርስ ደብተር እንደሚገልጥ ሰነፍ ተማሪ። «ስለካ ጥሩ ነው የምገኘው፤ ዶክተሯ ራሷ ታደንቀኛለች» አለ። ዶክተሯን ሸውዷታል። ደም ሥሮቹንም የሸወዳቸው መስሎታል።

ሸሚዞቹን አስረክበን በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። የእናቴ ስኳር መለኪያው ከሚችለው በላይ ሆነ። የዓይን ሐኪሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት ካያት በኋላ፣ «በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?» ሲል ጠየቀ። አጎቴ ጣሪያውን ያጠና ነበር። እናቴ በክርኗ ነካችው።

«አለ» አለ፣ ለጣሪያው።

ቀኝ ዓይኗ ውስጥ የደማው ብዙ ስለሆነ እንደማይመለስ ተነገረን። ግራው ይተርፋል፤ ከታከመች፣ ስኳሯን ከያዘችው። ቀድማ መጥታ ቢሆን አለ ሐኪሙ፣ ነገሩን አልጨረሰውም። የእኔንም ጣት ወጋ አደረጉ፤ ለጊዜው ደህና ነኝ፣ በየጊዜው መለካት አለብኝ።

አጎቴ ለደንበኞቹ አዲስ ምክንያት ለመስፋት አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም። «ጥቁር ጨርቅ ነው ዓይኗን የበላው። ስንቴ ተይ ብያታለሁ!» ይላል፣ እሷ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች።

እናቴ አልተጣላችውም። ሥራዋንም አልተወችም፤ ቁልፉን አሁን በጣቷ እየዳበሰች ትተክላለች፣ ክሩን መርፌዋ ውስጥ እኔ አስገባላታለሁ። ከስድብም ከሽምግልናም የከፋ ነገር ነው ያመጣችበት። ጠዋት ደንበኛ እስኪገባ ትጠብቅና ጣውላው እስኪነዝር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጋሼ! የስኳር ክኒንህን ዋጥክ?» ትላለች።

«ዋጥ ዳይሬክተር፣ እኔም ልውጥ ነው!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ ከወዲያ።

አጎቴ ፊቱን ወደ ተሰነጠቀው መስታወት አዙሮ ይውጣል። እሷ ግን በቃሉ አታምንም፤ አጠገቡ ድረስ ሄዳ አፉን ታስከፍተዋለች፣ በቀረችው ዓይኗ ቀርባ ታያለች።

ባለፈው ደግሞ የሱሪህን ስፌት ላጠንክርልህ ብላ ተቀበለችው። የወገቡን ስፌት በጣቷ እየዳበሰች ተረተረች፣ ላስቲኩን እንደ እባብ ጎትታ አወጣችው፣ መልሳ ዘመዘመችው። አጎቴ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ለበሰ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው፤ ቁልፉና የቁልፍ ቤቱ ሊገናኙ ቀርቶ ሊተያዩም አልቻሉም።

«ምን አድርገሽው ነው? ጠበበኝ እኮ!»

«አልነካሁትም» አለች እናቴ፣ ላስቲኩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች። «ልክህ እሱ ነው፣ ጋሼ።»

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ሳይጠራ ከቤቱ በእግሩ መጣ። በመንገዱ ላይ ሰው አይቶት እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።