የአያርፌ ጫማ

ሰዉ «አያርፌ» ያለው በከንቱ አይደለም። ምሳውን ቁጭ ብሎ የጨረሰበትን ቀን ሚስቱም አታስታውስም። የሚተዳደረው ግን በመጠበቅ ነበር፤ ሥራው አዳኝ አቁስሎት ያመለጠውን አውሬ በውሻ ፈልጎ ማግኘት ነው። ሆዱን የተመታ ድኩላ ቶሎ ከተከተሉት አገር ያቋርጣል፤ ከተዉት እዚያው ቅርብ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓታት መቀመጥ አለ።

የዛሬውን ድኩላ አንድ አዳኝ ሆዱን የመታው ማለዳ ነበር። የደኑ ኃላፊ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነገሩን ጨረሰው፦

«ባለፈው ሳምንት የቆሰለውን አጥታዋለች። ዛሬም ካጣች አሮጊትህ ትሰናበታለች። ወጣት ውሻ እናመጣለን።»

አሮጊቷ ውሻ፣ እሜቴ፣ ጆሮዋን እንኳ አላነሳችም። ከቡችላነቷ ጀምሮ ባሳደጋት በአያርፌ እግር ስር ተጋድማ ታንኮራፋለች።

«እስከ ቀትር እንጠብቅ፣ ጋሼ» አለ አያርፌ።

ኃላፊውና አዳኙ መኪና ውስጥ ሻይ ያዙ። አያርፌ የእሜቴን ረጅም ገመድ ጠቀለለ፤ ፈታ፤ መልሶ ጠቀለለ።

«ኧረ ተቀመጥ ወንድሜ! አንተን ሳይ እኔን ደከመኝ» አለ አዳኙ።

«ሽንቴን ሸንቼ ልምጣ።»

ሄደ። የድኩላውን ደም ቅጠል ላይ አየው። «ትንሽ ብቻ» እያለ እስከ አንድ ጅረት ተከተለውና በሌላ በኩል ዞሮ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ቀትር ላይ እሜቴን አሰማራት። አፍንጫዋን መሬት ላይ ተክላ ጎተተችው። ጅረቱ ጋ ደረሰች፤ ታጠፈች፤ ዞራ ዞራ ሦስቱንም መኪናው በር ላይ አመጣቻቸው።

«ድኩላው መኪናችንን እየነዳ ሊያመልጠን ነበር ማለት ነው» አለ አዳኙ።

ኃላፊው አልሳቀም። «በቃ፤ አፍንጫዋ ሞቷል።»

እሜቴ ዞር ብላ የአያርፌን ጫማ አሸተተች። ከዚያም ሥራዋን ጨርሳ ሽልማቷን እንደምትጠብቅ ሁሉ ቀና ብላ አየችው።

ጫማውን ገልብጦ አየ። ሶሉ ላይ የደረቀ ደምና የድኩላ ጸጉር ተጣብቋል። ባለፈው ሳምንትም «ሽንቴን» ብሎ ሄዶ ነበር። ዝም ቢል እሷ ትባረራለች፤ ቢናገር ምናልባት እሱ።

«አልተሳሳተችም፣ ጋሼ። ደሙን ረግጬ ያዞርኳት እኔ ነኝ። ያለፈውም የኔ ነው።»

ኃላፊው አፍጥጦ አየው። «ታዲያ ምን ትገተራለህ?»

አያርፌ ጫማውን አውልቆ ወረወረ። እሾህ እየወጋው፣ እያነከሰ፣ እሜቴን እሱ የታጠፈበት ቦታ ድረስ ወሰዳት። ጅረቱን ተሻገረች። ድኩላው ብዙም ሳይርቅ ቁጥቋጦ ስር ተኝቶ ነበር፤ አዳኙ በአንድ ጥይት ገላገለው።

ከዚያ ወዲህ የመጠበቂያው ሰዓት ሲደርስ ኃላፊው እጁን ይዘረጋል። አያርፌም ጫማውን አውልቆ ይሰጠዋል፤ መኪና ውስጥ ይቆለፍበታል። ቁጭ ብሎ ገመዱን ይጠቀልላል፤ ይፈታል። እሜቴ ታንኮራፋለች።