ከፍራሽ ውስጥ ያየኸውን እዚያው ስፋው

ፍራሽ አዳሹን ሰፈሩ «ጋሽ ቁልፉ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ደንበኞቹ ናቸው የሰየሙት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፍራሽ ሲተረትር፣ ጥጡን አውጥቶ በቀጭን ዱላ ሲያፍታታ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ በአዲስ ልባስ ሲሰፋ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከማንም ፍራሽ ውስጥ ስላየው ነገር ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ፍራሽ ደግሞ የማይይዘው ጉድ የለም። የተደበቀ ደብዳቤ፣ የወለቀ የሕፃን ጥርስ፣ አንዴማ የባለቤቲቱ ያልሆነ የጆሮ ጉትቻ ወጥቶበታል። ጉትቻውን ምን አደረገው? መልሶ ሰፋው። ሥራውን ያስተማሩት አዛውንት መጀመሪያ መርፌ ያስያዙት ቀን የነገሩት ይህንኑ ነበር፤ «ከፍራሽ ውስጥ ያየኸውን እዚያው ስፋው። ያኔ ደንበኛ አታጣም።»

ከጉዱ ሁሉ የሚበዛው ግን የልጆች ሽንት ነው። እናት ፍራሹን አሸክማ ስትመጣ ዓይኗን ከዓይኑ ታሸሻለች። «ጣሪያው አፍስሶብን ነው» ትላለች። ደመና ካየን አራት ወር ሆኖን ጣሪያው አፍስሷል! ያውም ፍራሹ መሃል ላይ ብቻ፣ ክብ ሠርቶ። ጋሽ ቁልፉ ክቡን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። «ዝናብ ክፉ ነው» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። እናትየዋ ትከሻዋ ወረድ ይላል፤ «ለመቼ ያደርሱልኛል?» ትለዋለች፤ «ለማታ» ይላታል። ስለዚህ ሰው በራፉ ላይ ያለውን ፍራሽ አዳሽ ትቶ፣ ሁለት ሰፈር አቋርጦ እሱ ጋ ይመጣል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አፉን የከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱን እንደርስበታለን።

የሱም ቤት ጣሪያ ታዲያ ያፈስ ነበር። አንዲት ልጅ አለችው፤ ዘጠኝ ዓመት አልፏት አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ በሳምንት አምስት ቀን አልጋዋ ረጥቦ ያድራል። መጀመሪያ ሰሞን እሱም እናቷም ያልሞከሩት አልነበረም። ተቆጥተዋል፣ ለምነዋል፣ ከምሳ በኋላ ውሃ ከልክለዋታል። መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ሐኪሟ ባልና ሚስቱን እንደ ተማሪ አስቀምጣ ነገረቻቸው። ልጅቷ ሆን ብላ የምታደርገው አይደለም፤ ሰንፋም አይደለም፤ እንቅልፏ ከባድ ስለሆነ ሽንቷ አይቀሰቅሳትም። ቀን ቀን ውሃዋን በደንብ ትጠጣ፣ ወደ ማታ ይቀነስላት፣ ልትተኛ ስትል ሽንት ቤት ትሂድ። በዱላ የደረቀ አልጋ የለም። «ለመሆኑ ከሁለታችሁ በልጅነቱ እንዲህ የነበረ አለ?» ብላ ስትጠይቅ ጋሽ ቁልፉ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። ሚስቱ ያን ቀን ነው የገባት፤ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሱ እስከ አሥራ አንድ ዓመቱ አርጥቧል። ይህን የምታውቅ ሌላ ሰው አንሶላውን ታጥብለት የነበረችው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት።

በዚያው ሳምንት ለልጁ ፍራሽ ሠራላት። ባለ ሦስት ቁራጭ ነው። አንዱ ለራስና ለትከሻ፣ አንዱ ለእግር፤ መሃለኛው ከልባሱ ሥር ላስቲክ የተሰፋበት ሆኖ ብቻውን ተነሥቶ ይቀየራል፣ ሁለት ተለዋጭም አለው። ጠዋት እሱ የረጠበውን ያወጣል፣ ደረቁን ይከታል፤ ጎማ ከመቀየር አይከብድም። ከዚያ አባትና ልጅ ቁርሳቸውን ይበላሉ። የረጠበው ሱቁ ውስጥ ከደንበኞች ልባስ ጀርባ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ማንም አያየውም። እናትየዋ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ስለሆነች ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ አንሶላውን የምታጥበው ሁለት በር አልፋ የምትኖረው ያቺው እህቱ፣ እትዬ ናት።

ልጅቷ ፍራሹን ዞራ ዞራ አየችውና፣ «አባዬ፣ ለማንም አትናገርም አይደል?» አለችው።

«የኔ እናት፣ ሥራዬ ምንድን ነው?»

«ፍራሽ ማደስ።»

«እሱ በእጄ ነው። በአፌስ?»

ሳቀች። «ዝም ማለት።»

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። አምስቱ ቀን ወደ ሦስት፣ አንዳንዴም ወደ ሁለት ወረደ። ጋሽ ቁልፉ ለራሱ «አባትነት ይሄ ነው» ሳይል አልቀረም፤ ሰው ሲደላው የማይለው የለም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሱቁን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ አልፋ ወደ ቤት ገባች። ሌላ ጊዜ ጥጡ ክምር ላይ አንዴ ሳትንከባለል አታልፍም ነበር። ተከትሏት ገባ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም። ስንት ከለመናት በኋላ ነገረችው። ከእረፍት ስትመለስ መቀመጫዋ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ ጠበቃት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ባለ ሦስት ቁራጭ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነገረችውም።

ጋሽ ቁልፉ ደሙ ፈላ። ማርጠቧን ልጅ ሊገምት ይችላል፤ ቁራጩን ግን ማን ቆጠረላቸው? ያንን ፍራሽ ያየ ሰው አራት ብቻ ነው። ልጅቷ በራሷ ላይ አታወራም። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ናት፤ ቤት ስትገባም ድካሙ አፏን አያስከፍታትም። እሱ ደግሞ ጋሽ ቁልፉ ነው! ማን ቀረ? «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እያለ ወደ እህቱ ቤት ገሰገሰ።

እትዬ የልጅቷን አንሶላ እየጨመቀች ነበር።

«እትዬ፣ ለማን ነው የነገርሽው?»

«ምኑን?»

«የልጄን ነገር ነዋ! ትምህርት ቤት ድረስ ገብቶልሻል።»

እትዬ አንሶላውን እንደያዘች ቀጥ አለች። «እኔ? ያንተን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጥቤ ለማን ተናግሬ አውቃለሁ? ሚስትህ እንኳ ከኔ ሰምታለች?»

«ታዲያ ፍራሹ በእግሩ ሄዶ ተናገረ? ካንቺ በቀር ያየው የለም እኮ!»

እትዬ ስትቆጣ ሰፈሩ የሚሰማት ሴት ናት። ያን ቀን ግን ድምፅዋ ወረደ። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» አለችው። «የሰው ሁሉ ገመና አንተ ዘንድ ተከብሮ ያድራል፤ የእህትህ ስም ነው የረከሰብህ።» የወንድሟን ቤት ቁልፍ ከኪሷ አወጣች፤ በተጨመቀው አንሶላ ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም አስታቀፈችው።

ልጅቷ አንሶላውንና ቁልፉን ስታይ ከአልጋዋ ብድግ አለች። «እትዬን ምን አልካት? እሷ አይደለችም!»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም።»

«አውቃለሁ!»

«በቃ አልኩሽ!»

ልጅቷ ትንሽ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ምን ታውቂያለሽ?» ቢላት ኖሮ ትነግረው ነበር። አላላትም። የተከዳ ሰው ቁጣው ይጣፍጠዋል፣ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

ሦስት ሳምንት እትዬን በመንገድ ሲያያት ተሻገረ። አንሶላውን ራሱ አጠበ። መርፌውን ሲስብ «እናቴ የሞተች ጊዜ ያሳደገችኝ እህቴ! እሷ እንዲህ ካደረገችኝ ማንን ላምን ነው?» እያለ ደረቱ ይቃጠል ነበር፤ አንዳንዴም ጥጡ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ሁለት የነበረው ቀን ወደ አምስት ተመለሰ፣ ከዚያም ሰባት ሞላ። መሃለኛውን ቁራጭ ጠዋት ሊቀይር ሲገባ አልጋው ላይ ያጣዋል፤ ከአልጋው ሥር ወሽቃው ያገኘዋል። «ለምን ትደብቂያለሽ የኔ እናት? እኔ እኮ ነኝ» ይላታል። ዝም ትለዋለች። እሱ ዝምታዋን በእትዬ ሒሳብ ላይ ይጽፈዋል።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ የዳቦ ቤቷ ሴት መጣች። ጋሽ ቁልፉ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አፉን የከፈተው ለዚህች ሴት ነው። ከሦስት ወር በፊት ፍራሽ አምጥታ ነበር፤ ያን ቀን ጣሪያ አፈሰሰ አላለችም። ፍራሹን ጣል አድርጋ፣ «ገረፍኳት፣ አንሶላውን አሸክሜ በር ላይ አቆምኳት፣ አልተወችም፤ ምን ላድርጋት?» ብላ አለቀሰች። ጋሽ ቁልፉ አልቻለም። መርፌውን አስቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ የልጁን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ ባለ ሦስት ቁራጩን ሳይቀር ልባስ ላይ በጠመኔ ሥሎ አሳያት። ሴትየዋ ፊቷ በርቶ ሄደች፤ እሱም እንደዚያ ሌሊት ተኝቶ አያውቅም። በሕይወቱ ከሠራቸው በጎ ነገሮች አንደኛው አድርጎ ያዘው። ጥፋተኛ ሲፈልግ ይህ ቀን ትዝ ያላለውም ለዚህ ነው፤ ማን በጽድቁ መሃል ኃጢአት ይፈልጋል?

አሁን ትኩስ ዳቦ ይዛለታለች። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ደርቃ አደረች። እርስዎ ከነገሩኝ ወዲህ እጄን አላነሳሁባትም። ሁሌ ስትተኛ ነው የምነግራት፤ ‹አይዞሽ፣ የፍራሽ አዳሹም ልጅ እንዳንቺው ናት፣ አባቷ ናቸው የነገሩኝ፣ ባለ ሦስት ቁራጭ ፍራሽ ላይ ነው የምትተኛው› ስላት ልቧ ሙልት ይላል!»

ጋሽ ቁልፉ ዳቦውን እንደያዘ ቆመ። «ልጆቹ… ይተዋወቃሉ እንዴ?»

«ታዲያ! አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ አይደል የሚቀመጡት? አልነገረችዎትም?»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ምን ይበላት? እሷ ያደረገችው እሱ ያደረገውን ነው፤ የሰው ገመና አምጥታ የራሷን ልጅ አጽናናችበት። የሴትየዋ ልጅም ብትሆን አንሶላ ተሸክማ በር ላይ የቆመች ናት፤ በቦታዋ የምታቆመው ሌላ ሰው አገኘች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲራገመው የነበረው ከሃዲ የገዛ አፉ ሆኖ ተገኘ።

ቁልፉን ይዞ እትዬ ዘንድ ሄደና ሁሉንም ነገራት። እትዬ በራፏ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ አልጮኸችም። «እኔ ታላቅህ ነኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ ያንተን ሳጥብ ነው የኖርኩት፣ ይሄንንም አጥበዋለሁ» አለችው። ቁልፉን ከእጁ ተቀበለች። «እሷን ግን ምን ልትላት ነው?»

ልጅቷን የቤት ሥራዋን እየሠራች አገኛት። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «የኔ እናት፣ እትዬ አይደለችም። እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ?»

«ከላስቲኩ ቀን።» እርሳሷን አላቆመችም። «አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ ‹አባትሽ ናቸው ለእናቴ የነገሯት› አለችኝ። ውሸታም አልኳት። ‹አባዬ አይናገርም፣ ሥራው ነው› አልኳቸው። ከዚያ የበለጠ ሳቁ።»

የልቧን ስብራት በምን ይጠግነው? አንድ ነገር ብቻ መጣለት። «እሷም እኮ፣ ያቺ ልጅ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«አትንገረኝ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት መሃለኛውን ቁራጭ ሊቀይር ወደ ክፍሏ ገባ። አልጋው ላይ የለም። ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር አየ፤ እዚያም የለም። ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ልጅቷ ደጃፉ ላይ፣ ደንበኞች ፍራሽ በሚያስቀምጡበት ድንጋይ አጠገብ ቆማለች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ቦርሳዋን አዝላለች። ቁራጩ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፤ መሃሉ ላይ ክብ አለ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ «ጣሪያው አፍስሶብን ነው» አለችው።

ጋሽ ቁልፉ «የኔ እናት» ሊላት ፈለገ። «እኔ እኮ ነኝ» ሊላት ፈለገ። ክቡን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ዝናብ ክፉ ነው» አላት።

«ለመቼ ያደርሱልኛል?»

«ለማታ።»

«እሺ» ብላ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።