ባለ ድርብ ክንፉን ያለበስኩ ጊዜ

ሥራ የጀመርኩት መቱ ውስጥ፣ ጋሽ ታፈሰ በሚባሉ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ነው። መንግሥት ተለውጦ ክልሉ ኦሮሚያ መባል የጀመረ ሰሞን ነበር። በረንዳው ላይ ሦስት የእግር ስፌት መኪና ተደርድሯል፤ ሦስቱም ላይ ወንዶች ተቀምጠዋል። ጋሽ ታፈሰ መርፌና አንድ ጣሳ ቁልፍ ሰጥተው ደጃፉ ላይ አስቀመጡኝ።

«መኪናውስ?» አልኳቸው።

«ሴት የምትሠራው ቁልፍና ዘምዘማት ነው።»

«መኪናው የሚሠራው በእግር አይደለም እንዴ? እግርማ አለኝ።»

ሰፊዎቹ ሳቁ። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም፤ ግን አንደኛው ሰፊ ለምሳ ሲነሳ «እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ። ሰውዬው ከምሳ ሲመለስ አልተነሳሁም። ሌላ መኪና እስኪገዛ ድረስ ከእሱ ጋር በፈረቃ ሠራን።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሜትር ለማንበብና የደንበኛ ስም ለመጻፍ አላነሰኝም። ከቁልፍ ወደ ጉርድ፣ ከጉርድ ወደ ሱሪ፣ ከሱሪ ወደ ኮት አለፍኩ። በመጨረሻ ቆራጭ ሆንኩ፤ በእኛ ሙያ ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም።

አንድ ጊዜ ከጎሬ አንድ ባለሀብት መጥተው ለሠራተኞቻቸው ካፖርት አዘዙ። «የኃላፊዎቹን ባለ ሁለት ኪስ፣ የጥበቃዎቹን ባለ አንድ አድርጊው» አሉኝ። «የጥበቃ አንድ እጁ አይበርደውም?» ብዬ ለሁሉም ሁለት ሁለት ኪስ አደረግሁላቸው። ተቆጡ፣ ግን ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛዋ» ይለኝ ጀመር። የበረንዳው ሰፊዎች ዕቁብ ሲጥሉም ዳኛ ያደረጉት እኔን ነው። በእኔ ዳኝነት ዕጣ ከወጣ ወጣ ነው፤ አልቅሶም ለምኖም ያስለወጠ ሰው የለም።

የልጅ ልጆች አይቼ፣ ጉልበቴም መኪናውን እንቢ እያለኝ ሳለ ገመቹ መጣ። ገመቹ ከበረንዳችን አጠገብ ጋራዥ ያለው የባጃጅ መካኒክ ነው።

«እትዬ አስካለ፣ አንድ ልብስ ይሰፉልኛል?»

«ለማን?»

«ለአውሮፕላን።»

«ልኩን ይዘህ መጥተሃል ወይስ ራሱ ይመጣል?» አልኩት። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

እጄን ይዞ ጋራዡ አስገባኝ። እውነትም አውሮፕላን ቆሟል። ሰው የሚጭን ሳይሆን ሞዴል ነው፤ መሬት ላይ ቆመው በሪሞት የሚያበርሩት። ግን የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ደግሞ አንድ ክንፍ አይደለም፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተደራርበው በቀጫጭን ምሰሶዎች ተያይዘዋል። አፍንጫው ላይ የቤንዚን ሞተር አለው። ገመቹ እንደሚለው ሰማይ ላይ ይገለባበጣል።

አጥንቱን የሠሩት አናጺው ጋሽ ሙዘይን ናቸው። ወሌንሱ ከሚባለው ቀላል እንጨት የክንፉን የጎድን አጥንቶች አንድ በአንድ ፍቀው፣ ሆዱን በስስ ኮምፖንሳቶ ሠርተውታል።

«ጋሽ ሙዘይን፣ የሠሩት የዶሮ ቆጥ ነው» አልኳቸው።

«አንቺ አልብሺው እንጂ ቆጡ ይበራል» አሉኝ።

ጨርቅ መምረጥ የእኔ ፋንታ ሆነ። አቡጀዲ ከበደ። የጃንጥላ ጨርቅ በኮላ አልይዝ አለ። በመጨረሻ የኮት ገበር ወሰድን። ገበር በሞቀ ካውያ ሲነካ ይሰበሰባል፤ ኮት ላይ ጠላታችን የሆነው ነገር ክንፍ ላይ ወዳጃችን ሆነ። ጨርቁን እንጨቱ ላይ በኮላ ለጥፌ ካውያውን ቀስ አድርጌ ሳሳልፍበት እንደ ከበሮ ተወጠረ።

የመጀመሪያውን ክንፍ ስቆርጥ እንደ ልማዴ በየዳሩ አራት ጣት ትርፍ ተውኩ። መቱ ውስጥ ለልጅ ልብስ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ለማደጊያ ይተዋል፤ ያልተወ ከእናቶች ጋር ይጣላል። ገመቹ የታጠፈውን ትርፍ ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለማደጊያ ነዋ።»

«እትዬ፣ አውሮፕላን አያድግም!»

ጋሽ ሙዘይን መዶሻቸውን ጥለው ሳቁ። ለአንድ ሳምንት ያህል በበረንዳው ባለፉ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ጣት አደገ?» ይሉኝ ነበር። ትርፉን ቆርጬ ጣልኩት።

ነገሩ ለገመቹ ጨዋታ አልነበረም። ከከተማው ትምህርት ቤቶች የአንዱ ርዕሰ መምህር «ከበረረ አንድ ክፍል እሰጥሃለሁ፤ ተማሪዎቹን ታስተምርበታለህ። ካልበረረ ግን ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ» ብሎታል። ገመቹ ከልጅነቱ የሚመኘው ማስተማር ነው። ያለውንም ሁሉ ሞተሩና ሪሞቱ ላይ አፍስሷል።

ዝናቡ ቆም ሲል፣ በአንድ የበጋ ጠዋት፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ወጣን። ርዕሰ መምህሩ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ ቆመ። እዚያ ላይ ጋሽ ሙዘይን «መጀመሪያ የማበርረው እኔ ነኝ» አሉ።

«እንዴት ጋሼ? እኔ በኮምፒውተር ስንት ወር ተለማምጃለሁ» አለ ገመቹ።

«አጥንት የሌለው ነገር ይበራል?»

«ልብስስ የሌለው?» አልኩ እኔ።

ጋሽ ሙዘይን ይቀልዱ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው። እኔ ግን እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም። ሦስት ሰው የሠራው ነገር ሦስት ባለቤት አለው። «ዕጣ ይውጣ!» አልኩ።

ገመቹ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ቀደደ። የዕቁብ ዳኛ ነኝ፣ በእድሜም እናቱ እሆናለሁ፤ ምን ይበል? ስማችንን ጽፈን የጋሽ ሙዘይን ኮፍያ ውስጥ ከተትን። ጎመን የተሸከመች መንገደኛ ጠርተን ዕጣውን አስወጣናት።

«አስካለ» ይላል።

ጋሽ ሙዘይን ሳር ላይ ተቀምጠው ሳቁ። የገመቹ ፊት አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ለእኔ ቢሰጡኝስ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ዕጣ ተለውጦ ያውቃል?» አልኩት። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ሪሞቱን አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። የግራው እጀታ ወደ ላይ ሲገፋ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ወደ ታች ሲመለስ ይበርዳል፤ የቀኙ ያዞረዋል። በመጨረሻም «ፊቱን ወደ እርስዎ ሲያዞር ቀኝና ግራው ይገለበጣል፣ እንዳይረሱ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሞተሩ እንደ ሞተር ብስክሌት ጮኸ። ገፋሁት። አውሮፕላኑ ሜዳውን ሰንጥቆ ሄደ። ሊነሳ ሲል ፈራሁና አዞርኩት፤ ዞሮ ወደ እኛ መጣ። ወደ ቀኝ ሂድ ብዬ አዘዝኩ። ወደ ግራ፣ ርዕሰ መምህሩ ወዳለበት ሄደ። አብልጬ ወደ ቀኝ ገፋሁ። ባሰበት።

«ወደ ታች! እትዬ፣ ወደ ታች!» ገመቹ ይጮሃል።

ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ሮጠ። አውሮፕላኑ ወንበሩን ገልብጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆመ።

«ኩኒ ማሊ?» ይሄ ምንድን ነው፣ አለች ባለ ጎመኗ፤ ሸክሟን አንስታ ራቅ ብላ ቆመች።

ገመቹ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ተንበርክኮ እንጨቱን አንድ በአንድ ዳበሰ። አጥንቱ ደህና ነው። የታችኛው ክንፍ ጨርቅ ግን ክንድ ያህል ተቀዷል። ያ ቅዳድ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ርዕሰ መምህሩ ልብሱን አራግፎ ወደ መንገዱ ሲሄድ ተከተልኩት።

«ጌታው፣ የት ነው?»

«አየሁት እኮ እናቴ።»

«ያዩት እኔን ነው። የእሱን ገና አላዩም። ይቀመጡ።»

ወንበሩን ራሴ አንስቼ ጠረግኩለት። ተቀመጠ። ከአንገት ልብሴ ላይ ሁልጊዜ የማይለየኝን መርፌ ነቅዬ ቅዳዱን በጥቅጥቅ ስፌት ገጠምኩት፤ ገመቹ ከላይ ቁራጭ ገበር በኮላ ለጠፈበት።

እስኪደርቅ ስንጠብቅ ጋሽ ሙዘይን ኮፍያቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ሁለት ስም ቀርቷል። ዳኛዋ፣ ዕጣ ይውጣ!»

«ሪሞቱን ለገመቹ» አልኩ።

«ፍርድ ተገለበጠ! የእኔስ ተራ?»

«እርስዎ ወንበር ይሥሩ፤ የርዕሰ መምህሩ እየተነቃነቀ ነው። እኔ ኮት ስቆርጥ ዕጣ አውጥቼ አውቃለሁ? የሚያውቀው ይያዘው።»

ገመቹ አበረረው። ከሜዳው መጨረሻ በፊት መሬት ለቀቀ፣ ዛፎቹን ዘለለ፣ ዞሮ በላያችን አለፈ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወጣና ጀርባውን ወደ መሬት፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገለበጠ። ሰዉ እልል አለ። እኔ ግን የማየው ያንን ስፌት ብቻ ነበር። ያዘ። ሲያርፍ ሁለቴ ነጥሮ ቆመ።

«ሰኞ መጥተህ የክፍሉን ቁልፍ ውሰድ» አለው ርዕሰ መምህሩ። ገመቹ «ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፦ «እትዬ፣ ለተማሪዎቹ መጀመሪያ የማስተምረው ቀኝና ግራን ነው።»

አሁን ለሚጀምሩ ሰፊዎች የምለው ይህን ነው። ሠራተኛን እኩል ማክበር ማለት ሁሉንም አንድ ሥራ ላይ ማስቀመጥ አይደለም። ዕጣ ከማውጣታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚችል ጠይቁ።